«ሦስት ቀን ነው፣ ይለቀኛል»

ከመርሳ የወጣንበትን ምሽት ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በስልክ ቆራርጬ ነው የነገርኳችሁ። እስቲ ዛሬ ከነምክንያቱ ልጻፈው፤ ለናንተ ለአገር ቤቶቹም፣ እዚህ ጅቡቲ በሙቀት ለምንቀቀለውም።

ክረምት ነበር። ሰዉ ከቆቦና ከወልድያ ፍራሹን፣ ድስቱን፣ ልጁን ተሸክሞ በአስፋልቱ ወደ ደሴ ይጎርፋል። እኔና እህቴ ታንጉት ግን በጋሼ ሞገስ የጭነት መኪና ሰዉን እየተጋፋን በተቃራኒው ሄድን፤ በሲሪንቃ አልፈን ወደ ሐራ፣ ከዚያ በአፋር አድርገን ጅቡቲ ልንገባ። ያየን ሁሉ እብድ ሳይለን አልቀረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ታንጉት ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመምተኛ ናት። የልቧ በር ጠብቧል ተብላ ስንት ዓመት በኪኒን ኖራለች። ጦርነቱ ሲቃረብ ኪኒኑ ከመርሳም ከወልድያም ጠፋ። አባታችን፣ «ደሴም ነገ ይዘጋል፤ ሞገስ ወደ ጅቡቲ ከሄደ አብራችሁት ሂዱ። ልጅቷን እኔ እይዛለሁ» አሉን። ልጅቷ የታንጉት ልጅ ሰላም ናት፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከመንገድ ራቅ ወዳለው ማሳቸው ይዘዋት ወጡ።

ሐራ ሳንደርስ ታንጉት ትንፋሽ አጠራት። ደረቷን ይዛ በመስኮቱ አየር ትፈልጋለች፤ እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃለች።

«ምን ሆንሽ እታለም?» አልኳት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ጋሼ ሞገስ እንዳይሰማ፣ «አበባዬ ሊመጣ ነው። ታውቂው የለ? ሦስት ቀን ነው፣ ይለቀኛል» አለችኝ።

አውቀዋለሁ። የወር አበባዋ ሊመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ልቧ ይደልቃል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፣ ሲፈስ ይተዋታል። በየወሩ ነው። እኛ ቤት ይህ የሴት ነገር ተብሎ ተሸፍኖ የሚኖር እንጂ ለሐኪም የሚነገር አልነበረም። እሷም ለሐኪሙ ተናግራ አታውቅም፤ «ወንድ ፊት እንዴት ብዬ?» ትል ነበር።

ሐራ ላይ እማማ ፋጡማ የሚባሉ የአባታችን የገበያ ወዳጅ ቤት ገባን። ታንጉት ጋደም ስትል ይብስባታል፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ጋሼ ሞገስ ከበር ላይ ሆኖ፣ «መንገዱ ሳይዘጋ ልሂድ፤ አንዳችሁም ሂዱ ሁለታችሁም፣ ቁረጡ» አለ።

ታንጉት እጄን ያዘችኝ። «አንቺ ሂጂ። በረሃውን በዚህ ትንፋሽ አልችለውም። ኪኒኑን ገዝተሽ በሹፌር ላኪልኝ፤ ሲለቀኝ እከተልሻለሁ።»

እማማ ፋጡማም፣ «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ አለሁላት። ኢንሻአላህ ይሻላታል» አሉ።

አመንኩ። በየወሩ ሲለቃት አይቻለሁና አመንኩ። የኪኒኑን ባዶ ካርቶን ይዤ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ስለ በረሃው ብዙ አልጽፍም፤ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ። ድንበር ላይ የጠየቀኝ ሰው አማርኛ ይሰባብራል።

«የት ተወለድሽ?»

«መርሳ።»

«መርሳ በዐረብኛ ወደብ ነው። ወደብ አላችሁ?»

«የለንም። ማንጎ ነው ያለን።»

«ወደብ ሳይኖራችሁ ወደብ ትባላላችሁ፣ ከዚያ ተነሥታችሁ የኛን ወደብ ታጨናንቃላችሁ» አለና ማኅተሙን ረገጠው። ጋሼ ሞገስ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ኪኒኑን በገባሁ በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ሹፌር ፍለጋ መኪና ማቆሚያውን ሳስስ መንገዱ ተዘጋ፣ ወልድያም መርሳም ተያዘ፣ ስልክም ጠፋ። ኪኒኑ ልብስ መያዣዬ ውስጥ ቀረ። አምስት ወር አብሬው ኖርኩ።

የምኖርበት ባልባላ ነው፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ሰፈር። ምግቡን ብትጠይቁኝ፣ እንጀራ የሚመስል ላሆህ የሚሉት አለ፤ ቀጭን፣ ጣፈጥ የሚል፣ ወጥ የማይዝ። አየሩ ግን ምንም የሚያመሳስለው የለም። በኛ አገር በግራና ከተማ ገበያ ዋርካ ሥር ቁጭ ሲሉ የምትመጣዋ ነፋስ እዚህ የለችም፤ የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ምድጃ ነው። አከራዬ ድሬዳዋ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ልብሴ ላይ ላብ ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ትታመሚያለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«መታመምሽ ካልቀረ ማክሰኞና ዓርብ ታመሚ። ውሃ የሚመጣው በሁለቱ ቀን ብቻ ነው።»

በመጀመሪያው ወር እኔም መታመም ጀመርኩ። ሰው ቤት ልብስ ሳጥብ ልቤ ድንገት እንደ ከበሮ ይመታል፣ ራሴን ይወቅረኛል። አንድ ሰሞን ያስጨንቀኛል፣ ከዚያ ይጠፋል። በሦስተኛው ወር ስደተኞች የሚታከሙበት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ አማርኛ ስለማታውቅ አንድ ጎልማሳ ያስተረጉማል። የደም ግፊቴን ለካች፣ ከፍ ብሏል። ከዚያ በፈረንሳይኛ «ረግል» የሚል ነገር ጠየቀች።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕግሽ በጊዜው ነው ወይ? ትላለች።»

የመኖሪያ ወረቀቴ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ገና አልወጣልኝም። ቢሮው ሁልጊዜ ነገ ይለኛል።»

ሐኪሟ መልሴን ስትሰማ ግራ ገባት። አስተርጓሚው ግድግዳውን እያየ፣ «እንደዚያ አይደለም… የሴቶችን ነው… የየወሩን» አለ። በነሱ ቋንቋ ሕግና የወር አበባ በአንድ ቃል ይጠራሉ ለካ። እኔ በኀፍረት ሻሼን ወደ ዐይኔ ሳብኩ፤ እሷ ግን ምንም ሳይመስላት የቀን መቁጠሪያ አወጣች። ልቤ የመታባቸውን ቀኖችና አበባዬ የመጣባቸውን አስታውሼ ነገርኳት፣ ምልክት አደረገች። ሦስቱም ጊዜ አበባዬ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

«አንዳንድ ሴት ላይ ይታያል» አለች በአስተርጓሚው። «በነዚያ ቀኖች የሰውነት ሆርሞን ይወጣል ይወርዳል፤ ልብ ሊፈጥን ይችላል፣ ግፊትም ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ግን በአንድ ልኬት ይህ ነው አልልሽም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተለኪና ጻፊው፣ ይዘሽልኝ ነይ።»

ያን ጊዜ ስለ ታንጉት ጠየቅኋት። የልቧ በር የጠበበ ሴት አለች፣ በየወሩ ይብስባታል፣ ሦስት ቀን ቆይቶ ይለቃታል፤ እንግዲህ የወር ነገር ከሆነ ክፉ አይደለም ማለት ነው?

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አይደለም። የታመመ ልብ በነዚያ ቀኖች ድካሙ ይብስበት ይሆናል። ወሩን ጠብቆ መምጣቱ ቀላል አያደርገውም። እግሯ ካበጠ፣ ተጋድማ መተንፈስ ካቃታት፣ ቀን አይቆጠርም። ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። የት ናት አሁን?»

አስተርጓሚው ተርጉሞ ሲጨርስ መልሴን ጠበቀ። «አላውቅም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኩ አልነግራችሁም። ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ለቀቀ ተባለ፣ ሰንብቶም ስልክ ተከፈተ። መጀመሪያ የደወልኩት እማማ ፋጡማ ጋ ነው። ሰላምታዬን ሳይመልሱ የታንጉትን ነገሩኝ።

«በሄድሽ በአራተኛው ቀን ነው ያረፈችው ልጄ። አበባዋ መጥቶላት ነበር፤ ተሻለኝ ብላ አጥሚት ጠጣች። ከዚያ ድክም አላት። ሆስፒታል እንዳንወስዳት መንገዱ ተኩስ ነው። የሰፈሩ ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም ተሸክሞ ለቤተ ክርስቲያኑ አደረሳት። ቄሱ ሸሽተው ስለነበር የቀብሩን ጸሎት ዲያቆኑ ናቸው ያደረሱላት። አፉ በይኝ።»

እማማ ምን በድለው ነው አፉ ብዬ ይቅር የምላቸው? ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ኪኒኑን ለክሊኒኩ ሰጠሁ። ቀኖቼን አሁንም እጽፋለሁ፤ ሐኪሟ መድኃኒት ጀምራልኛለች፣ ሻል ብሎኛል። የመርሳ ሰዎች አገርሽ ግቢ እያላችሁኝ ነው፤ አባቴ ደግሞ፣ «ትንሽ ቆዪ፣ ይህ ነገር የሚመለስ ይመስለኛል» ይሉኛል። እኔም እዚህ ነኝ፣ እዚህም አይደለሁም።

ባለፈው እሑድ ደወልኩ። ሰላም አነሣችው። አበባ ማየት እንደጀመረች የአባቷ እህቶች ነግረውኝ ነበርና ቀስ ብዬ፣ «በዚያ ሰሞን ልብሽን ይመታሻል? ትንፋሽ ያጥርሻል?» አልኳት።

«አባባ እዚህ ናቸው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አዎ ወይም አይ በይኝ ብቻ።»

«ደህና ነኝ እኮ።»

እናቷም እንዲህ ነበር የምትለው። «ስልኩን ለአባባ ስጪያቸው» አልኳት። ሰጠቻቸው። አባቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ፊታቸው ይህን ነገር አንሥቼ አላውቅም፣ ማንም ሴት አንሥታ አታውቅም።

«አባባ፣ የሴት ነገር ነው የምነግርዎት። ይስሙኝ።»

«እየሰማሁ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አበባው፣ ስለ ቀኖቹ፣ ስለ ልብ፣ ሰላምን ወልድያ ወስደው እንዲያስመረምሯት፣ ለሐኪሙ ሳታፍር ቀኖቿን እንድትነግረው። ቃሉን ሳላድበሰብስ ጠራሁት። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ፣

«ታንጉትም በየወሩ እንዲህ ነበረች?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እናትሽም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«በአንድ ጎጆ ስንኖር» አሉ አባቴ፣ «ለኔ ማን ነገረኝ?»

«ማንም፣ አባባ» አልኳቸው። ስልኩ አልተቋረጠም፤ በወዲያኛው ጫፍ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።