ቅዳሜን የሚጠብቅ ሰርቨር

ማስተዋል ቦርሳዋን ባነሳች ቁጥር የሚወድቅ ሰርቨር ነበራት። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ባሏ አንዱአምላክ ደግሞ ጉና ሥር፣ ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ተመድቧል። ዝውውር የጠየቁት ገና ሙሽሮች ሳሉ ነው፤ መልስ የሰጣቸው የለም። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ለእሷ በቅሎውን ጭኖ የመኪናው መንገድ እስከሚያልቅበት ይወርዳል፣ እሷ በሚኒባስ ትወጣለች። ማለቴ፣ ትወጣ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ገበያተኛው እግረ መንገዱን ክሊኒክ ጎራ ይላል፤ የካርድ ክፍሏ ዘቢባም የያንዳንዱን ታካሚ ፋይል ትከፍታለች። ሰርቨሩ፣ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ማሽን፣ ባንድ ጊዜ ከፍቶ የሚይዘው ፋይል ግን ወሰን አለው። ፕሮግራሙ ደግሞ የከፈተውን መዝጋት አያውቅበትም፤ ታካሚው መድኃኒቱን ይዞ አገሩ ሲገባ ፋይሉ እዚያው ክፍት ነው። ወሰኑ ሲሞላ ማሽኑ ድርቅ ይላል።

«ማስቲ፣ ወላሂ ቆመብን! በሽተኛው በሩን ሞልቶታል» ትላታለች ዘቢባ በስልክ፣ ልክ መናኸሪያ ስትደርስ።

ማስተዋል በባጃጅ ትመለሳለች፤ ወሰኑን ከፍ ታደርጋለች፤ ማሽኑ ይነሳል። የጉና መኪና ግን ሄዷል። አንዱአምላክ እስኪመሽ እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ እንዳትደውልለት ስልክ የለም።

አንድ ቅዳሜ መኪናው እንደገና አመለጣት። የሚያስቸኩላት ነገር ስለሌለ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ አሰበች። ወሰኑን ከፍ የምታደርገው ለጊዜው ብቻ ነበር። በሳምንቱ መሀል መብራት ይጠፋል፤ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ድሮ ወሰኑ ይመለሳል። ይህ ጠፍቷት አይደለም። ዘላቂው ሥራ ማሽኑን አጥፍቶ አብርቶ መፈተሽን ይጠይቃል፤ እሷን ደግሞ ሁልጊዜ መኪና ሊያመልጣት ነው፤ ቅዳሜ ካለፈ ማሽኑ ስለማይቆም ነገ ነገ እያለች ትተወዋለች። ለካ ወደ አንዱአምላክ ስትሮጥ ነው ከእሱ የቀረችው። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሥራ ጀመረች። ፕሮግራሙ የጨረሰውን ፋይል እንዲዘጋ አስተካከለች። አዲሱን ወሰን ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው ትእዛዝ ውስጥ ጻፈችው። አጥፍታ አበራችው፤ ወሰኑ አልተነቃነቀም።

በሳምንቱ መብራት ሄዶ መጣ። ቅዳሜም ገበያው ጢም ብሎ ሞላ። ማስተዋል ሚኒባስ ውስጥ ሆና ስልኳን ደጋግማ አየች፤ ኔትወርክ እስኪጠፋ ድረስ አልጮኸም።

መንገዱ ማለቂያ ላይ አንዱአምላክ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በቅሎዋ አጠገቡ ትግጣለች፤ ጀርባዋ ባዶ ነው። ሲያያት ብድግ ብሎ እቅፍ አደረጋት።

«ኮርቻዋስ?» አለችው አንገቱ ሥር ሆና።

«ትቼው መጣሁ። ዛሬም አትመጪም ብዬ።»

«ታዲያ አንተ ለምን ወረድህ?»

«ቅዳሜ አይደል?» አላት። «ሌላ የት ልሂድ?»