ድምፅ የለውም ብዬ የማልኩለት በቀቀን

እኔ በሐሰት የምምል ሰው አይደለሁም። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህን ቤት ስከራይ ግን ማልኩ። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወፉ ያለበትን የሽቦ ቤት ካዩ በኋላ «ይኼ ወፍ ይጮሃል?» ብለው ጠየቁኝ። «እማምላክን፣ እትዬ፣ ድምፅ የለውም» አልኳቸው። እውነት ነው አልልም፤ እውነት እንዲሆን ግን በጣም ፈልጌ ነበር።

ወፉ የአባቴ በቀቀን ነው። አባቴ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሰ ሰው ነው፤ በቀቀኑንም ከምዕራብ በኩል ቡና ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ገዝቶ ነው ያመጣው። መላ አካሉ አረንጓዴ፣ ጭንቅላቱ ቢጫ ነው፤ ሰው ሲያይ አንገቱን ጠምዘዝ አድርጎ ከእግር እስከ ራስ ይገመግማል። እናቴ ካረፈች በኋላ ደብረ ሲና ያለው ቤታችን ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ታች ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን እየወጣሁ አያቸው ነበር። ባለፈው ክረምት ስሄድ አባቴ አስሙ ብሶበት፣ ከአልጋው ተነሥቶ በሩ ጋ ለመድረስ መሐል ላይ ቆሞ የሚያርፍ ሆኖ አገኘሁት። ሐኪሙም ነገሩን አላድበሰበሰም። «ሌላ ክረምት እዚህ ብርድና ጉም ውስጥ ካሳለፉ ሳንባቸው አይችልም» አለኝ። ያን ዕለት ቁርጤን አወቅሁ። አባቴን ቆላ አወርደዋለሁ፤ ቢወድም ባይወድም።

አልወደደም። «ቆላ ሰው የሚኖርበት አገር ነው እንዴ? መኪናዬ እንኳ እዚያ ሲደርስ ይፈላ ነበር» ይለኛል። ስነዘንዘው፣ ስነዘንዘው፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆ ተስማማ፤ በቀቀኑ አብሮት ይሄዳል፣ በቀቀኑ ከተባረረ ደግሞ እሱም ያን ዕለት ወደ ደብረ ሲና ይመለሳል። አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው፦ ወፉ ከወጣ አባቴ ይወጣል፣ አባቴ ከወጣ ብርዱ ይገድልብኛል። እንግዲህ ብምል ይፈረድብኛል?

ደግሞ መጀመሪያ ላይ ወፉ መሐላዬን አከበረልኝ። ከደብረ ሲና ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላ ጣል አድርጌበት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቤቱን በረንዳው ላይ ከሰቀልንለት በኋላም ቀን ቀንን ሲተካ ጥጉ ላይ ተለጥፎ ዝም አለ። ለውዝ ብሰጠው ዘወር፣ ሙዝ ብሰጠው ዘወር። አባቴ ሙቀቱን እስኪለምደው ከአጠገቡ ወንበር ላይ አልተነሣም። እኔም አከራዬን ባየኋቸው ቁጥር «አላልኩዎትም?» እያልኩ እመጻደቅ ጀመር።

አዲስ ቤት የገባ በቀቀን መጀመሪያ የሚያደርገው መስማት መሆኑን ማን ነገረኝ? የግቢውን በር፣ የዶሮውን፣ የባጃጁን ድምፅ አንድ በአንድ ሲያጠና ነበር ለካ።

ሰኞ ቀትር ላይ አባቴ ደረቱ ቀለል ብሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ከግቢ ወጣ። ከበራችን ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ጥላው ሥር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወታሉ። እሱም ሊያያቸው ነው የሄደው። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በረንዳችን ላይ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተነፋ። ቀልድ አይደለም፤ የተሳቢ መኪና ጥሩምባ፣ ተራራ የሚያስተጋባው ዓይነት። ቀጠለና ፍሬን እንደያዘ መኪና «ጥስስስ» ብሎ አየር ለቀቀ። ጎረቤታችን ባለባጃጁ ልጅ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ እየተደናበረ ወጣ፤ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ባጃጁን ሊደፈጥጥበት መስሎት ነበር። አከራዬ የቀትር እንቅልፋቸውን ከተኙበት የጠፍር አልጋ ላይ ተነሥተው ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅ የለውም ብለሽ አልነበር?»

«እንግዳ ሆኖ ነበር፣ እትዬ። አሁን ለመደ።»

«እንኳን ለመደ!» አሉ። «ወላሂ፣ ጉድ እኮ ነው! የዚህ አገር ሰው ማሽላውን ወፍ እንዳይጨርስበት ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጮህ ይውላል፤ አንቺ ወፍ ቀልበሽ እኛ ላይ ታስጮሂያለሽ?»

ወደማሰጣው ልብስ ዞርኩ። ወፉ ግን አፉን አልዘጋም። አባቴ ከግቢ በወጣ ቁጥር ይነፋል። ደብረ ሲና እያለን እንዲህ አይጮህም ነበር፤ ጮኸም ከተባለ ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ከመኪናው ሁሉ ማን ለይቶ ይሰማዋል? እዚህ ግን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያስገባዋል፣ ግቢው ጭር ይላል፣ አከራዬም የሚያርፉት ያኔ ነው። ከሰኞ አንሥቶ ያን እንቅልፍ አላገኙም። ረቡዕ ማታ መጥተው ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፤ እስከ ጁምዓ ወይ ወፉን ላስወጣ፣ ወይ ቤት ልፈልግ። «እሺ፣ እትዬ» አልኩ። በልቤ ያልኩት ግን ወፉም አይወጣም፣ እኛም አንወጣም ነው።

መላ ፍለጋው ተጀመረ። አፉ ሥራ ይያዝ ብዬ እሸት በቆሎ ሰጠሁት፤ እየበላ ጮኸ። ከአባቴ ጋር ዛፉ ሥር ወሰድኩት፤ የሰፈሩ ልጆች ከበው እንጨት ሲያስገቡበት ተሸበረና ላባውን መንጨት ጀመረ፤ መለስኩት። ከዚያ ደብረ ሲና የምናደርገው ነገር ትዝ አለኝ። እዚያ ሲረብሽ ብርድ ልብስ ጣል ስናደርግበት የመሸ መስሎት ዝም ይል ነበር። ሐሙስ ጠዋት አባቴ ወደ ዛፉ ሥር እንደሄደ ወፉን የአባቴን ብርድ ልብስ አለበስኩትና ወደ ትምህርት ቤት ወጣሁ።

እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ግቢው ጸጥ ብሏል። አከራዬ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ዛሬስ ተባረኪ!» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ በቀቀኑ ከቤቱ ወለል ላይ ወርዷል። አፉን ከፍቶ፣ ክንፎቹን ከጎኑ አራርቆ፣ መላ ሰውነቱ እየተርገበገበ ያለከልካል። ጮኼ አባቴን ጠራሁት። ከዛፉ ሥር እያዘገመ መጣ፣ በእጁ ውኃ እየዘገነ ራሱ ላይ አፈሰሰለት፣ በጣቱም ምንቃሩን አረጠበለት። ወፉ ቀስ ብሎ መልሶ እንጨቱ ላይ ወጣ።

«ደብረ ሲና መሰለሽ?» አለኝ አባቴ። ገብቶ ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ጎተተና ልብሱን ይከት ጀመር። «ነገ እንሄዳለን። ለሱም ለኔም የሚሻለው እሱ ነው።»

ተናደድኩ። በአባቴም፣ በወፉም፣ በራሴም፣ ከራስ ላይ በማይወርደው በዚያ ፀሐይም። አባቴ ወደዚያ ጉም እንዲመለስ እንደማልፈቅድ ግን ልቤ ያውቅ ነበር። ለርእሰ መምህሩ ደውዬ አስፈቀድኩና በማግሥቱ ጠዋት በርጩማ ይዤ ከበቀቀኑ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ዓርብ ነው። ወይ እሱ ያሸንፈኛል፣ ወይ እኔ አሸንፈዋለሁ አልኩ።

አባቴ በረንዳው ላይ ቁርሱን ሲበላ ወፉ ላባውን እያበጠረ ለራሱ ያጉረመርማል እንጂ አይጮህም። አባቴ ሽማግሌዎቹን ልሰናበት ብሎ ከበሩ ሲወጣ አንገቱን አሰገገ። በቀጭኑ አንዴ አፏጨና ዝም ብሎ አዳመጠ። ደግሞ አፏጨ፣ አዳመጠ። ሦስተኛው ጠንከር አለ። ጥሩምባውን የነፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከነፋ በኋላም እንደገና አዳመጠ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ስም ጠርቼ «አቤት» የሚለኝ ካጣሁ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ድምፄን ነው የማነሣው። ይህ ወፍ ሲረብሸን አልከረመም፤ አባቴን «የት ነህ?» እያለ ሲጠራው ነው የከረመው። ደብረ ሲና ላይ ብርዱ አባቴን ከቤት አያስወጣውም ነበርና መጥራት አላስፈለገውም። ከዚያ በፊት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ አባቴ መኪናውን ደጅ ሲያጥብ ወፉ ከቤት ያፏጫል፣ እሱ ከደጅ ያፏጭለታል፤ በቃ፣ ያበቃል።

መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሳውቅ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሣ ሮጬ ወጣሁ።

«አባዬ፣ መልስለት!»

«ለማን?»

«ለወፉ። እየጠራህ እኮ ነው! ካፏጨህለት ዝም ይላል።»

«ወፍ በጠራኝ ቁጥር ሳፏጭ ልዋል?» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዳማው ላይ አቀረቀረ።

«አንዴ ብቻ ሞክር።»

«ተይኝ፣ ልጄ።»

«አንተ ስለኮራህ ከቤት ልንባረር ነው?» አልኩት፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ። አንድ ቆርኪ አንሥቶ ያዘ። ከግቢው ውስጥ ጥሩምባው ድጋሚ ተነፋ።

ጩኸታችንን ሰምተው አከራዬ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ከግቢ ወጡ። ምን እንደሆንን ሲጠይቁኝ ጠዋት ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና ወደ ግቢው ዞረው አንድ ጊዜ ራሳቸው አዳመጡ።

«ያ ረቢ!» አሉ። «ይኼማ የማማ ነገር ነው።»

እሳቸው እዚሁ አጠገብ ቀወት ገጠር ነው ያደጉት። ማሽላው ሲያሸት የየቤቱ ሰው ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። ማሽላው ረጅም ስለሆነ አንዱ ማማ ላይ ያለው ሌላውን በደንብ አያየውም። ስለዚህ አንዱ ይጣራል፣ ቀጣዩ ይመልስለታል፣ እንዲያ እያለ ድምፁ እስከ እርሻው ዳር ይሄዳል። «ካልመለሱለት ባልንጀራዬን እባብ ነደፈው፣ ፀሐይ ጣለው ብሎ ይፈራል» አሉን። «እስኪመልሱለት እየጨመረ ይጮሃል። ሰምቶ አለመመለስ እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ይህን ምስኪን ባለጌ ብዬው!» ወደ አባቴም ዞሩ። «ጋሼ፣ በአላህ ይመልሱለት እንጂ። ምን ይጎዳዎታል?»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። የያዘውን ቆርኪ አስቀመጠና ከንፈሩን በምላሱ አርጥቦ አሞጠሞጠ። የወጣው ፉጨት አልነበረም፤ አየር ብቻ ነው። ደግሞ ሞከረ። እንደዚያው ባዶ አየር ወጣና ሳል ተከተለው፤ ሳሉ ጎንበስ አድርጎ ያዘው። ጀርባውን ደግፌ እስኪያልፍለት ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ዳማው ላይ ተክለው ነበር።

«እሰማዋለሁ» አለ አባቴ፣ ትንፋሹ ሲመለስ። «ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። የምመልስበት ትንፋሽ ነው ያጣሁት።»

ይህ ሰው የጣርማ በርን ዳገት በፉጨት የሚወጣ ሰው ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

«ማፏጨት አቃተኝ ብዬ ላንቺ ልንገር?»

ከበረንዳው ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። አከራዬ ከዚህ በላይ አልጠበቁም። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ፣ መዳፋቸውን ከአፋቸው ጎን አቆሙና «ሆ…ይ!» ብለው ለቀቁት። በዚያ አጭር ሰውነት ውስጥ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደነበረ አላውቅም። ቤታቸው የገቡ ሰዎች በራቸውን ከፍተው ወጡ። በረንዳው ላይ አንድ አፍታ ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የረካ ፉጨት መጣ። ሌላ አልተከተለም።

«ይኸው» አሉ አከራዬ፣ ሻሻቸውን እየመለሱ፣ «ሌላ የፈለገው ነገር የለም።»

ጁምዓ እንዲሁ አለፈ። ከግቢው እንድንወጣ ማንም ዳግም አላነሣብንም። አከራዬ አሁን ቀትር ላይ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከአልጋቸው ሆነው ይመልሱለታል። ባለባጃጁ ልጅ ካለ በባጃጁ ጥሩምባ ይመልስለታል፤ እኔም ከክፍል የተረፈችኝን ድምፅ እሰጠዋለሁ። ወፉ ዝም አለ ብዬ ሁለተኛ አልምልም፤ ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ያለ ምክንያት ይጮሃል፣ እሱን የሚያስቆመው የለም። እንዲያውም ግቢያችን ከበፊቱ የበለጠ ጫጫታ ሆኗል።

የአባቴ ቦርሳ ግን እንደታሰረ አልጋው እግር ሥር ቆይቶ ነበር። እኔ አልነካሁትም፣ እሱም አልነካውም። በኋላ ግን መታገሥ አቃተኝ። አንድ ጠዋት ፊት ለፊቱ ቆሜ «ቁርጡን ንገረኝ፣ ልፍታው ወይስ መኪና ልፈልግ?» አልኩት።

አባቴ ለበቀቀኑ ለውዝ እየፈለፈለ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ።

«እዚያ ላይ ማን ይመልስልናል?» አለኝ።