ጡሩምባና የጣሪያው ኮቴ

አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ጡሩምባ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው። ድሮ፣ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ሳይኖረው፣ መኪና ሊነሳ ሲል ደረጃው ላይ ትቆምና መድረሻውን ትጠራ ነበር። ያን ጊዜ ሻይ ቤት ያለው ብርጭቆውን ያስቀምጣል፣ ሽንት ቤት ያለው ቀበቶውን ሳያስር ይሮጣል። አንዱ ሾፌር እንዲያውም "እሷ እያለች ምን አደከመኝ" ብሎ የተበላሸ ጡሩምባውን ሁለት ወር ሳያሠራ ነድቷል ይባላል። እሷ አትቀየምም ነበር። ቀልዱን ከሾፌሮቹ ቀድማ የምታወራው ራሷ ነበረች።

ዘጠኝ ዓመት ሆነ፣ ያ ድምፅ የለም። "ጉሮሮዬን ያመኛል" አለች፤ ሐኪም ዘንድ ግን አልሄደችም። ከመስተዋቱ ኋላ ተቀምጣ ትኬቱን በቀዳዳው ታሾልካለች፤ መንገደኛው "ምን አሉኝ?" እያለ ጆሮውን ያስጠጋል። ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃትም። አዲስ ሰው ሲሰማው ሊያሾፉባት ያወጡት ይመስለዋል።

የምትኖረው ወላጆቿ በተዉት ቤት ነው። በአንድ መስመር የተደረደሩ አምስት ክፍሎች፣ ከላይ አንድ ወጥ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊት ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ከኋላ እዚያው ጣሪያ ሥር ማድ ቤት። ከአራቱ እህትና ወንድማማቾች እዚህ የቀረችው እሷ ብቻ ነች። ታላቃቸው፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ፊውዝ የሚሉት ወንድማቸው ነበር፤ በስምንት ዓመቱ ሶኬት ውስጥ ምስማር ሰክቶ ሰፈሩን በሙሉ ያጨለመ፣ ኋላ ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ያንኑ ሰፈር ያበራ። የመጨረሻዋ ነርስ ነች፤ ሃምሳ ዓመት አልፏት እንኳ ትንሿ ነው የሚሏት።

ድሮ፣ የበጋው ሙቀት በርትቶ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ ሁሉም ልጆቻቸውን ይዘው እሷ ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር። ዓርብ ይመጣሉ፣ ሰኞ ይሄዳሉ። ፍራሽ ከጎረቤት፣ አግዳሚ ወንበር ከመናኸሪያ ትዋሳለች። የመጨረሻው ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ያን ቅዳሜ ሁሉም ከፊት ለፊት ዛፉ ሥር ተቀምጠው ምሳ ይጠብቃሉ። ፊውዝ ጣሪያው ላይ ነው። ከማድ ቤቱ በር በላይ አምፖል እንዲያደርግላት የለመነችው ራሷ ነበረች። ጭልፋውን እንደያዘች ወጣችና በመናኸሪያ ድምፅዋ "ፊውዝ፣ ና ውረድ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ" አለች። እሱም ዞር አለ።

ሰዎቹ ቤቱን ዞረው ሲደርሱ ጭልፋው አሁንም እጇ ላይ ነበር። "አዳለጠው" አለች። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም።

ከፊውዝ ቀብር በኋላ መሰባሰቡ ቀረ። ያን ቅዳሜ ያልነበረችው ሚስቱ ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ሄደች፤ የቀሩት በስልክ ብቻ ይጠያየቁ ጀመር። ጡሩምባ መሰላሉን ግቢው ጥግ ካለው ጎተራ ኋላ ጥላ፣ ሰው ጣሪያው ላይ እንዲወጣ ፈጽሞ አልፈቀደችም። ቆርቆሮው ዛገ፣ አንዱ ክፍል ማፍሰስ ጀመረ። "ባልዲ አስቀምጣለሁ" አለች።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከጣሪያው ኮቴ ትሰማለች። ምን እንደሆነ ታውቃለች። ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮ ይለጠጣል፣ ምስማሩን እየታገለ ይንጣጣል፤ ልጅ እያሉ ስትፈራ ይህን ያስረዳት ፊውዝ ራሱ ነበር። ሙቀቱ ግን ጣሪያውን ሁሉ እኩል ያገኘዋል፤ ታዲያ ድምፁ ለምን ያን ቀን መሰላሉ ከቆመበት ጥግ ይነሳል? ለምን ቀስ እያለ እስከ ማድ ቤቱ በር አናት መጥቶ እዚያ ይቆማል? ይህን ለማንም አልተናገረችም። አሁን አሁን በዓመት ዕረፍቷ ቀናት እንኳ በዚያ ሰዓት ቤት አትገኝም፤ ገበያ ትሄዳለች፣ ጎረቤት ትገባለች፣ ምክንያት አታጣም።

ዘንድሮ ጋሼ ደወለ።

"ሰባ ሁለቴን ያዝኩ" አለ። "ሐኪሙም የሚነግረኝን ነገር አልወደድኩለትም። አንድ ጊዜ እንኳ አባታችን ቤት እንሰብሰብ።"

"እሺ፣ ኑ" አለች፤ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትለፋ ከረመች። ግድግዳ ቀባች፣ ብርድ ልብስ አጠበች፣ ዘጠኝ ፍራሽ ለመነች። ዓርብ ከሰዓት ጋሼ ከዘራውን ተደግፎ ገባ፤ ከስቶ ኮቱ ሌላ ሰው የሰጠው ይመስላል። ትንሿ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር መጣች፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ድስቶቹን መክፈት ጀመረች። ከመጨረሻው አውቶቡስ ጡሩምባ ያልጠበቀችው ሰው ወረደ፤ የፊውዝ ልጅ። እሷን የጠራት ጋሼ ነበር፤ ለጡሩምባ ግን አልነገራትም።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን ሃያ አንድ ሞልቷት፣ እንደ አባቷ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆና፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ መጣች። ጆሮዋ የእሱ ነው፤ ገፋ ገፋ ያለ። አረማመዷ የእሱ ነው። ጡሩምባ አቅፋ ሳመቻትና ቦርሳውን ከትከሻዋ ተቀበለቻት።

"እናቴ ሰላም ብላለች፣ እትዬ" አለች። "ልትመጣ አልቻለችም።"

አልቻለችም ወይስ አልፈለገችም ብላ ጡሩምባ አልጠየቀችም።

ልጅቷ በዚያው ቀን ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። ከማድ ቤቱ በር በላይ፣ ከጣሪያው ጫፍ አንድ ሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ነፋስ ሲያወዛውዘው ኖሯል። ቀና ብላ ስታየው ብዙ ቆየች።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ድሮው ሳቅ በሳቅ ነበር። ጋሼ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ የጻፉትን ጉድ እያወራ ልጆቹን አንጀታቸው እስኪቆስል አሳቃቸው። ጡሩምባ እዚያው ተቀምጣ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ከሰዓቱ አይነቀልም። ዛሬ ገበያ አለብኝ ብላ መውጣት የማይሆን ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነስታ ማድ ቤት ገባች። ትንሿ ሰሐን እየደረደረች ነበር። ጡሩምባ ድስቱን ከእሳት አወረደችና ጨው ቀመሰች።

ኮቴው ጀመረ። ከመሰላሉ ጥግ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቆመ። ጡሩምባ ዓይኗን ጨፈነች። "ሙቀት ነው" አለች በልቧ።

"እትዬ" አለች ትንሿ፣ ወደ ላይ አንጋጣ። "ጣሪያው ላይ ማነው?"

ጡሩምባ ክው አለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን ድምፅ ሌላ ሰው ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኮቴው እንደገና ተነሳ፤ መጣ፣ መጣ፣ ከበሩ አናት ላይ ቆመ። እሷም ጭልፋውን አስቀምጣ ወጣች።

ፀሐይ ከኋላው ያለ ሰው ፒንሳ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያው ቦታ ቆሟል። የሚታያት ጥላውና ገፋ ያሉት ሁለት ጆሮዎች ብቻ ናቸው። ያ የጠፋ ድምፅ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ደረሰ። አፏን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ትንፋሿ እንኳ እንዳይሰማ ፈራች።

ከዚያ ነው የፊውዝ ልጅ መሆኗን የለየችው። ይህ ግን ፍርሃቷን አላቀለለውም፤ እንዲያውም አባሰው።

መጥራት አልቻለችም፣ ትታት መግባትም አልቻለችም። ጫማዋን አወለቀች። ልጅቷ ከጎተራው ኋላ አውጥታ ያቆመችውን መሰላል ያዘችና፣ በስድሳ ዓመቷ፣ አንድ አንድ እርከን እየረገጠች ወጣች። ቆርቆሮው መዳፏን አቃጠላት። በአራት እግሯ እየዳኸች፣ ምስማር ያለበትን መስመር ሳትለቅ፣ ትንሽ እስክትቀርባት ሄደች። ልጅቷ ኮሽታ ሰምታ ዞር ስትል አየቻት።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አለች ጡሩምባ በሹክሹክታ። "ቀስ ብለሽ ተቀመጪ።"

ልጅቷ ተቀመጠች። ጡሩምባ ተስባ መጥታ ቁርጭምጭሚቷን ጨብጣ ያዘች፤ አልለቀቀችም።

"አባዬ የተወውን ልጨርስ ብዬ ነው" አለች ልጅቷ። "ሽቦውን ግማሹን አስሮት ነበር። የእሱን ቋጠሮ አወቅሁት።"

ጡሩምባ ቁርጭምጭሚቱን ጠበቅ አደረገችና፣ ዘጠኝ ዓመት የዋጠችው ነገር በዚያ በታፈነ ድምፅዋ ወጣ። "እኔ ነኝ የጠራሁት። አላዳለጠውም። እኔ ስጠራው ዞረ።"

ልጅቷ ሽቦውን ከእጇ ለቀቀች። "እትዬ" አለች፣ "አውቃለሁ እኮ። ሁላችንም እናውቃለን።"

"ከየት አውቃችሁ?"

"የእርስዎን ድምፅ? መንገድ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶታል።"

ይህ ነገር አንድም ቀን ታስቧት አያውቅም። በትዝታዋ ውስጥ ያ ጥሪ ድምፅ የለውም፤ አፏ ተከፍቶ፣ ወንድሟ ዞሮ ይታያታል፣ ጆሮዋ ግን ምንም አይሰማም። ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም ብላ ነበር የኖረችው። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁሉም እያወቁ ለእሷ ሲሉ ዝም ብለዋል፤ እሷም ዝምታቸውን አለማወቅ አድርጋዋለች።

"አባዬ መልሶልዎታል" አለች ልጅቷ። "አልሰሙትም? 'መጣሁ፣ ጡሩምባ' አለና ሳቀ።"

"አልሰማሁም።"

"ከዚያ ነው የወደቀው።"

"ወዲያው?"

"አላውቅም። ከፊት ስለነበርን አልታየንም። ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። አንዳንዴ ሦስት ሰከንድ ይሆንልኛል፣ አንዳንዴ አሥር።" ፒንሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "አልዋሽዎትም፣ ብዙ ዓመት ጠልቼዎታለሁ። መናኸሪያ ስሄድ ሰው ሲጣራ ጆሮዬን እይዝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም። ግን ሙሉ በሙሉ ለቆኛልም አልልም።"

"ልክ ነሽ" አለች ጡሩምባ። ልጅቷ ሽቦውን አስራ እስክትጨርስ እግሯን ይዛ ተቀመጠች፤ ከታች ትንሿ መሰላሉን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ላይ ትመለከት ነበር።

ምሳ ሲበላ ማንም ስለ ጣሪያው አላነሳም። ሲጨርሱ ግን ጡሩምባ ከጋሼ ጎን ሄዳ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ስጠራው ሰምተኸኝ ነበር?"

ጋሼ ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ሰምቻለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ?" አለ። "መምጣታችን እንዳያስታውስሽ ብለን ነው የቀረነው። አንቺ ደግሞ የተጣላንሽ ይመስልሽ ይሆናል እያልኩ እተኛለሁ። ደውዬ ልነግርሽ እነሳና ስለ አየሩ አውርቼ እዘጋለሁ።"

ሰኞ ሁሉም ሄዱ። ጡሩምባ ኮቴው የሚቀር መስሏት ነበር፤ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ሆን ብላ ቤት ውላ ጠበቀችው። አልቀረም። ከጥጉ ተነስቶ፣ እየተራመደ መጥቶ፣ ከበሩ አናት ቆመ። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ገበያ አልሸሸችም፤ ሥራ በሌላት ቀን ሁሉ ማድ ቤት ተቀምጣ እስኪያበቃ ታዳምጠዋለች።

ጋሼ ክረምቱን አልዘለቀም፤ ሄዳ ቀበረችው። በቀጣዩ በጋ የሚሰበሰብ ይኖራል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ትንሿ ከቤተሰቧ ጋር መጣች፣ የፊውዝ ልጅም መጣች። ከኋላዋ እናቷ ከአውቶቡሱ ወረደች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ከጡሩምባ ጋር ስለ ብርድ ልብስና ስለ ውሃ እንጂ ሌላ አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሌሎቹ ገበያ ሲወጡ፣ "የት ጋ ነበር የወደቀው?" አለቻት።

ወስዳ አሳየቻት። ከማድ ቤቱ በር ፊት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ ነው። ጎን ለጎን ቆሙ። ሴትየዋ አላለቀሰችም፤ ድንጋዩን ትኩር ብላ አየችው።

"ያን ቀን ምሳው ምን ነበር?" አለች።

"ድንች በሥጋ" አለች ጡሩምባ። "ይወደው ስለነበር።"

"ድንች አይወድም ነበር" አለች የወንድሟ ሚስት። "እርስዎን እንዳያስከፋ ብሎ ነው ይበላልዎት የነበረው።"