አልወርድ ያለው ሚኒሞ

በጋራዡ ሰፈር «ጆሮው» ነው የሚሉት። ሞተር ሲነሳ ቆሞ አዳምጦ ብቻ በሽታውን የሚናገር መካኒክ ነበር። አብሮት የሚሠራውን ታናሽ ወንድሙን ግን በደንበኛ ፊት «አንተ እንኳን ለሞተር ለሰውም ጆሮ የለህ!» እያለ ሲያሸማቅቀው ኖሯል።

አንድ ቀን የታክሲ ሞተር ቀይረው ሲያስነሱት ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ መኪናው ቆሞ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ አልወርድ አለ። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ይጮኻል። ጆሮው የነዳጁን ገመድ አላላ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ፤ ለውጥ የለም። የባለታክሲው ፊት ጠቆረ።

ታናሽየው ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለና «ወንድም ጋሼ፣ አየር እየሳበ ነው። ሽሽሽ ሲል አይሰማህም?» አለው።

ጆሮው አንገቱን አስግጎ አዳመጠ። ምንም የለም። ታናሽየው ካርቡራተሩ ሥር ያለውን ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ ሲደፍነው ሞተሩ ረጋ። ጆሮው ራሱ የገጠመው አዲሱ ጓርኒሲዮን፣ አየር እንዳያስገባ የሚያሽገው ስስ ማሸጊያ፣ በደንብ አልተቀመጠም ኖሯል።

«ሰምቼዋለሁ እኮ፤ ልፈትንህ ብዬ ነው» አለ ጆሮው፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

ወንድሙ ቀና ሳይል ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር መለሰለት። ጆሮው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየ እንጂ አልሰማውም፤ «ምን አልክ?» ብሎ ለመጠየቅም አፈረ።