የመዲና ኦርኪድ በእማማ ፀሐይነሽ ማንጎ ላይ

መዲና ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ችግኝ ትሸጣለች። እኔና እሷ አንድ ግቢ ነው የተከራየነው። ግቢው የእማማ ፀሐይነሽ ነው። መሀሉ ላይ ያለውን ማንጎ የተከሉት ሟቹ ባላቸው ስለሆኑ ማንም ቅጠሉን እንኳ አይነካም።

መዲና ተክል ሲጣል አይሆንላትም። አምና የእህቷ ልጅ ዊዳድ ደወለችላት። ዊዳድ ደሴ ፒያሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ጽዳት ናት።

«አክስቴ፣ እንግዳ ትቶት የሄደ የውጭ አበባ አለ። አበባው ስለረገፈ ጣይው አሉኝ፤ ልጣለው?»

«እንዳትጥይው! መጣሁ።»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ደሴ ወጣችና ተክሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ወረደች። ኦርኪድ ናት አሉ፤ ዓይነቷ ካትሊያ ይባላል።

መዲና እንደ ሌላው ችግኟ ጥቁር አፈርና ፍግ አድርጋ ተከለቻት፤ ጠዋት ማታም አጠጣቻት። በወሩ ሥሯ በስብሶ ሁለት ብቻ ቀረ። መዲና ምግብ አልበላ አላት። ግብርና ቢሮ የሚሠራው ጎረቤታችን አግማስ መጣና ስልኩ ላይ ፈልጎ አነበበላት።

«አገሯ አሜሪካ ነው። ግን በረዶ ያለበት እንዳይመስልሽ፤ ወደ ታች ነው፣ እነ ኮሎምቢያ፣ እነ ብራዚል። እዚያ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ነው የምትበቅለው። አፈር አትወድም።»

«አፈር ካልወደደች ምን ትበላለች?»

«ዝናቡና ጤዛው ይበቃታል። ቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብናኝም ትወስዳለች።»

«ወላሂ እንደኔ ናት! እኔም መሬት የለኝም» አለችና ሳቀች።

እማማ ፀሐይነሽ ያኔ ታመው ደሴ ሆጤ ሰፈር ልጃቸው ቤት ነበሩ። መዲና ሳታስፈቅድ ተክሏን በጨርቅ ማንጎው ላይ አሰረቻት። ስምንት ወር ሙሉ ውሃ ስትረጭላት ከረመች። አዲስ ነጭ ሥር ወጣ፤ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። መዲና በየሳምንቱ በጣቷ ትለካው ነበር።

እማማ ፀሐይነሽ ድነው በመጡ ቀን ገና ከበሩ ጮኹ።

«ማንጎዬ ላይ ተቀጥላ በቀለ!»

ተቀጥላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰዶ እየመጠጠ የሚያደርቅ ነው። የጓሮው ብርቱካናቸው በሱ ነው የደረቀው።

«ተቀጥላ አይደለችም እትዬ፣ ኦርኪድ ናት» አለች መዲና።

«ስሟን ብትቀይሪላት ሥራዋን ትተዋለች? ዛሬውኑ ነቅለሽ ጣይልኝ!»

«እሺ፣ ዛፉ የእርስዎ ነው። ሳልጠይቅዎ ማሰሬም ጥፋት ነው። ግን መጀመሪያ ይዩልኝ።»

በጣቷ ስትለካው የነበረውን ረጅሙን ሥር ይዛ ሳበችው። ተላቀቀ፤ ግማሹም ተበጠሰ።

እማማ ፀሐይነሽ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ሥሩ የነበረበትን ቅርፊት በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። አልተበሳም፣ አልቆሰለም።

«ሌላውስ?»

መዲና ሁለተኛውን ሥር ያዘች። እኔ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

«ተይ፣ ተይው በቃ! አትበጥሽው» አሉ እማማ ፀሐይነሽ። መነጽራቸውንም አወለቁ። «እንዲያው ተደግፋ ነው እንጂ አልነከሰችውም። ትቀመጥ። ማንጎዬ ዘንድሮ ፍሬው ካነሰ ግን አንቺን ነው የምነቅለው!»

«ይንቀሉኝ» አለች መዲና፤ የተላቀቀውን ሥር ቀስ ብላ ወደ ቅርፊቱ መልሳ በእርጥብ ጨርቅ እያሰረች።