አክስቴ የሰፉት ጉማሬ

አክስቴ ለልጆች መጽሐፌ የእንስሳቱን ሥዕል ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ ሲሠሩ፣ እያንዳንዱን ለጎረቤት ልጆች ሳያሳዩ አይጨርሱም ነበር። ጉማሬውን ያየች አንዲት ሕፃን "አሳማ ነው" አለቻቸው።

"ልጅ ናት፤ ይለፉት" ስላቸው፣ "ታዲያ የምንሠራው ለማን ሆነና?" ብለው ስፌቱን ሁሉ ፈቱት። በማግስቱ ጣና ዳር ይዘውኝ ሄደው ጉማሬ እስኪወጣ ጠበቅን። አፉን ከፍቶ ብቅ ሲል፣ "አፉን ነው ያሳነስሁት" አሉ። አዲሱን ጉማሬ ሕፃኗ ገና ስታየው ስሙን ጠራችው።

መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩት አረፉ። መስኮቱ ሥር ይሰፉበት የነበረው ወንበር ላይ እስካሁን ማንም አይቀመጥም።

ሰሞኑን ግሽ አባይ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ሳነብ፣ ልጆቹ እውነተኛ ጨርቅ መስሏቸው ገጹን እየዳሰሱ "ማን ነው የሰፋው?" አሉኝ።

"አክስቴ ናቸው" አልሁ፣ የኋላ ወንበር ያሉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።