በዓሚ ኢድሪስ ቪዲዮ ቤት ክፉ ሰው ተራ ነበረው

ባለፈው ሐሙስ ከአሶሳ ገበያ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ስልኩን ከመሪው አጠገብ በላስቲክ አስሮ በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ከፍቶ ነበር፤ መንገዱን እንዲያይ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ከስልኩ ውስጥ አንድ ጢማም ሽፍታ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በተቀመጠ ሰው ንጹሕ አማርኛ፣ አንድ ቃል ሳያደናቅፈው፣ "ዛሬ ከዚህ በሕይወት አትወጣም" አለ። አጠገቤ የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ትርጉሙ ቆንጆ ነው፣ አይ ከአፉ ጋር አይገጥምም እያሉ ሲከራከሩ፣ እኔን በዚያ ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ። ይህ ሽፍታ ከየትም ያልመጣ ሰው ነው። እኔ ባደግሁበት ቪዲዮ ቤት ሽፍታ ሁሉ አገር ነበረው።

ቤቱ የዓሚ ኢድሪስ ነበር። የበርታ ጓደኞቼ አጎትን ዓሚ ስለሚሉ እኛም የሰፋሪ ልጆች ዓሚ እንለው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የጀለቢያውን ጫፍ ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ አሥር ጊዜ ያየውን ፊልም እንደ አዲስ የሚያይና አሳዛኙ ቦታ ሲደርስ ከሁላችን ቀድሞ የሚያለቅስ ሰው። ግድግዳው የተፈለጠ ቀርከሃ ስለነበር የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየስንጥቁ እየገባች ተመልካቹን ሁሉ እንደ ሜዳ አህያ ታዥጎረጉረዋለች፤ የጋለ ቀርከሃ፣ የማንጎ ልጣጭና የሰው ላብ ተደባልቀው የሚሰጡት ሽታ ለእኔ እስከ ዛሬ የሲኒማ ሽታ ነው። አግዳሚዎቹ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ቀድሞ መድረስ ብቻ ነበር።

ፊልሞቹ የማናውቀውን ቋንቋ ስለሚናገሩ አስተርጓሚ ነበረን፤ አበራ። እንደ እኔ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ አባቶቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ጎን ለጎን ያረሱ ናቸው። በሳምንቱ ቀናት የቀርከሃ አልጋ ይሠራል። ህንድኛም እንግሊዝኛም አያውቅም፣ ግን አሶሳን በሙሉ በአፉ ይዟታል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶ በጎኑ ይቆምና ለእያንዳንዱ ተዋናይ የምናውቀውን ሰው አነጋገር ያድለዋል፤ የህንዷ እናት የባምባሲ ኦሮሞ ሆና "ኢልሞ ኮ" እያለች ልጇን እየጠራች ታለቅሳለች፣ ፖሊሱ እንደ አባቴ በወሎዬ ለስላሳ አንደበት "ወንድምዬ፣ እስቲ እጅህን አምጣልኝ" ብሎ ካቴና ያስገባል፣ ሀብታሙ ነጋዴ ደግሞ እንደ ዓሚ ኢድሪስ ወንዱንም ሴቱንም እያቀላቀለ "ወላሂ፣ አንተ ቆንጆ ልጅ ነው፣ እኔን አግባ" እያለ ተዋናይቷን ይለምናል። ዓሚ ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር። "ይሄ እኔ ነው፣ ወላሂ እኔ ነው" እያለ ጭኑን ይመታል።

ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ ነበረን፤ ክፉው ሰውዬ ተራ ነበረው። በዚህ ቅዳሜ ወሎዬ ከሆነ በሚቀጥለው በርታ፣ ከዚያ ሺናሻ፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ ተሹሞ የመጣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሆናል። አበራ ተራውን ሲዘነጋ ከኋላ አግዳሚ አንዱ "ባለፈውም የሞተው የኛ ሰው ነው፤ ዛሬ የናንተ ይሙት" ይላል፤ ሽፍታውም ፊልሙ መሀል ላይ አገር ይቀይራል። ባንክ ሲዘርፍ በርታ የነበረ፣ ሲሞት ወሎዬ ሆኖ የሞተ ሽፍታ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ማንም ሳያስተምረኝ ከደብተሬ ጀርባ ግጥም መጻፍ ጀምሬ፣ ያየሁትን ሁሉ በሁለት መስመር ካልቋጨሁት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ዓሚ የአማርኛ ፊደል ስለማያነብ ፊልሙን ቅዳሜ ካየሁ በኋላ ፍርዴን በሳሙና ካርቶን ላይ እንድጽፍለት አደረገኝ፤ እሑድ ለሚደገመው እይታ ካርቶኑ በሩ ላይ ይሰቀላል። ስለ አሜሪካኑ ወታደር "ጥይቱ አያልቅም፤ ሐሳቡ ግን ሲጀምር አልቋል" ብዬ ጻፍኩ። ስለ ቻይናው መነኩሴ "ከዛፍ ዛፍ መብረር የሚችል ሰው ያን ሁሉ ደረጃ ለምን በእግሩ ወጣ?" ከአዲስ አበባ ስለመጣው የፍቅር ፊልም "ሁሉም ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሶፋው ጥሩ ነው።" ስለ ህንዱ "እናት ልጇን ሦስት ሰዓት ትፈልገዋለች፤ ልጁ አጠገቧ ቆሟል። መሐረብ ያዙ።" ዓሚ ስለሚወደው የዓረብ ኮሜዲም "የሳቀው ዓሚ ብቻ ነው፤ እሱን እያያችሁ ትስቃላችሁ" አልኩ። ሰው ያነበኝ ነበር። ከነቀፍኩት እሑድ አግዳሚው ይሳሳል፣ ካመሰገንኩት በር ላይ ይጋፋሉ፤ አስተማሪዬ ሳይቀር "ዛሬስ ምን ፈረድሽ?" ይለኝ ነበር። ያ ጥያቄ ከማንኛውም ጣፋጭ ይጣፍጠኝ ነበር።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ምን እንደ ተጀመረ የነገረን የለም። ትልልቆቹ እኛ ስንገባ ወሬ ያቋርጣሉ፤ ራቅ ባለ ወረዳ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ስልካቸውን እያወጡ ያዩና መልሰው ይከታሉ፤ ገበያው ገና በጠዋቱ ይበተናል፤ አባቴም ከአልጋ ሥር ይኖር የነበረውን ቆንጨራ ወደ በሩ ጀርባ አዛወረው። ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ ግን መጀመሪያ ያየሁት አንድ ክፍተት ነው። በርታዎቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሰፋሪዎቹ በሌላው ተቀምጠን፣ በመካከላችን አንድ አግዳሚ ባዶ ቀረ። ማንም አልተናገረም፤ ማንም ግን አልተቀመጠበትም።

በዚያ ቅዳሜ ሽፍታው በዓሚ አነጋገር ተናገረ፤ ሳቅን። በሚቀጥለው ቅዳሜም በዓሚ አነጋገር ተናገረ። በሦስተኛው ከኋላ አንድ የበርታ ተማሪ፣ በለመድነው ቀልድ፣ "አበራ፣ ተራው የናንተ ነው" አለ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው ዞር ሳይል "ዝም ብለህ እይ" አለው። ሽፍታው አገር ሳይቀይር ሞተ፤ ሲሞትም ቤቱ አጨበጨበ። ስለ ሥራው እውነቱን ለመናገር፣ አበራ እንደዚያ ክረምት አስተርጉሞ አያውቅም፤ የዓሚን ትንፋሽ፣ ቃል ሲጠፋው ምላሱን ጠቅ ጠቅ የሚያደርግበትን ልማድ ሳይቀር ያዘው። ቤቱ ከመቼውም በላይ ሞላ። የበርታ ልጆች አንድ በአንድ ቀሩ፤ ባዶው አግዳሚም ሞላ፤ ዓሚ ብቻ በሩ ላይ ቀረ፣ የራሱን ድምፅ ከገዳይ አፍ እየሰማ። ዓሚ እንዲተወው ለአበራ ነግሮት ነበር። "ዓሚ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ሕዝቡ ወደደው" አለው አበራ፤ እጁንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገበት።

አንድ ቅዳሜ ፊልሙ እንዳለቀ ዓሚ ካርቶኑን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ሰው እስኪወጣ ጠበቀ።

"አንተ ጻፍ" አለኝ። "ሽፍታ ኢድሪስ አይደለም፣ ብለህ ጻፍ። አበራ ሌላ ሰው ይናገር፣ ብለህ ጻፍ። የኔ ቃል አይሰሙም፤ ያንተ ጽሑፍ ይሰማሉ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው መንገድ ላይ እኔን ሲያይ ያ ሰውዬ ነው የሚያየው። እኔ ፈርቷል።"

እሺ አልኩት። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፤ የጠየቀኝ ነገር እውነት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ከእሱ በፊት አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም ስንኙ ግማሽ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። የክፍሌ ልጆች መጥተው በትከሻዬ ላይ አጎነበሱ። "ምን ትፈሪያለሽ፣ ድንቅ ነው በይ እንጂ" አለች አንዷ፤ ሌላው "ወይስ ዓሚ አጫሽ?" አለና ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ እጄ በራሱ የሄደ ይመስለኛል ብል ውሸት ነው፤ ቃላቱን መርጫለሁ። "የዓመቱ ምርጥ ፊልም። ሽፍታው አፉን ሲከፍት ቤቱ ይናወጣል።" የቃላቱ ምት ደስ እንዳለኝም አስታውሳለሁ።

ዓሚ ካርቶኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ፊደሎቹን ከላይ እስከ ታች አያቸው። "ሹክራን፣ የኔ ልጅ" አለኝ፤ በገዛ እጁም በሩ ላይ ሰቀለው፤ ትንሽ ዘንበል ብሎ ስለነበር ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየውና አቃናው።

እሑድ ሰው ከበር ተርፎ በቀርከሃው ስንጥቅ ያይ ነበር። ዓሚ ካርቶኑ ሥር ተቀምጦ የሚገባውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል፤ ያነበቡት ሰዎች ለምን እሱን እያዩ እንደሚስቁ አልገባውም። ሲወጡ "ሽፍታው፣ ደህና ዋል" አሉት። አንዱ ጀለቢያውን ጎተተው፤ ሌላው ግድግዳውን በእግሩ መታ፤ ቀርከሃው ተሰበረ። በመጨረሻ አንድ ሕፃን፣ ማንበብ መቻሉን ሊያሳየው፣ ካርቶኑን ጮክ ብሎ አነበበለት። ዓሚ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና "ጎበዝ" አለው። እኔ ማንጎው ሥር ነበርኩ። ወደ እኔ አልዞረም።

ማክሰኞ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን በጭነት መኪና ጭኖ ወደ መንጌ፣ ወንድሙ ዘንድ፣ ሄደ አሉ። ቀርከሃውን ሰው እየነቀለ አጥር አደረገው። በዚያ ዓመት በክልላችን የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ እኔ አልጽፈውም፤ አንዲት ካርቶን ያንን ሁሉ አመጣች ብዬም ራሴን ትልቅ አላደርግም። የማውቀው ከዚያ በኋላ በአሶሳ ሰው ሌላውን ሰው መስሎ ሲናገር ማንም እንዳልሳቀ ነው፤ ሰው በራሱ አነጋገር ብቻ፣ በጥንቃቄ፣ ይናገር ጀመር።

ከሁለት ዓመት በፊት መንጌ ሄድኩ። ዓሚን ያገኘሁት በወንድሙ ቤት ደጃፍ ነው፤ አርጅቷል፤ አወቀኝ፤ ወንበርም አስመጣልኝ። በአማርኛ ሰላም አልኩት፤ በበርታ መለሰልኝ። እንደገና በአማርኛ ሞከርኩ፤ እንደገና በበርታ። ያን እኔን አንተ የሚል፣ ሁሉንም ጾታ ወንድ የሚያደርግ፣ ለማንም ሳይሳቀቅ የሚናገረውን አማርኛውን አጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ያማረ አማርኛ ሰምቻለሁ፣ በዚያ ልክ ያመነኝ ግን አልነበረም። የወንድሙ ልጅ በመካከላችን ተቀምጦ ያስተረጉም ጀመር። ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት እያወቅሁ እንደሆነ፣ ማንም እንዳላስገደደኝ ነገርኩት። ወጣቱ አሳጥሮ ነገረው።

ዓሚ መናገር ጀመረ፤ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያየ፣ ድምፁ እየወጣ እየወረደ፣ አንድ ጊዜ በእጁ አየር ላይ የሆነ ነገር እያቃና፣ ረጅም ሰዓት ተናገረ፤ ከዚያ ሁሉ የለየሁት "ወላሂ" እና "ኸላስ" ማለትም በቃ፣ የሚሉትን ብቻ ነው። ሲጨርስ ወደ ወጣቱ ዞርኩ። ወጣቱ አጎቱን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ከዚያም እኔን።

"ሻይ ጠጪ፣ ይላል" አለኝ።